ደብተሩ ሞልቷል፤ ልጁ ማንበብ አልቻለም

የልጆች ትምህርት ሲነሳ መቀሌ ውስጥ ዝም የሚል ወላጅ አላውቅም። ባጃጅ ውስጥ፣ ቀዳማይ ወያነ ገበያ ስንሸምት፣ ልቅሶ ቤት ቁጭ ስንል፣ ቡና ስንጠራራ ወሬው ዞሮ ዞሮ እዚያው ነው። ልጆቻችን በጠዋት ይሄዳሉ፣ ደክሟቸው ይመለሳሉ፣ ደብተራቸው ቶሎ ቶሎ እየሞላ ሌላ ግዙልን ይሉናል። ማታ ቁጭ ብለን «እስቲ አንብብልኝ» ስንላቸው ግን ዓይናቸው መሬት መሬት ያያል። ይህን የማያውቅ የለም። ተነጋግረንበት ተነጋግረንበት አፋችን ደክሟል። ዝም ማለቱ ደግሞ የባሰ ያንገበግባል።

መስከረም ሲጠባ ደብተር በደርዘን እንገዛለን፤ ለየትምህርቱ አንድ አንድ። ለአንደኛ ደረጃ ልጅ ትግርኛ፣ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ አካባቢ ሳይንስ፣ ግብረ ገብ፣ ክወናና የእይታ ጥበባት፣ ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ እያለ ይቀጥላል። 7ኛና 8ኛ ክፍል ሲደርስ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት አጠቃላይ ሳይንስ፣ ማኅበራዊ ሳይንስ፣ የዜግነት ትምህርት፣ ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ፣ የሙያና ቴክኒክ ትምህርት ይመጣል። ዝርዝሩን ለሚሰማ ሰው ልጁ ሊቅ ሆኖ የሚወጣ ይመስላል። ዝርዝሩን ያወጡት ሰዎችም ክፉ አላሰቡም፤ ልጅ ሁሉን ይቅመስ ብለው ነው። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህን ሁሉ ትምህርት የሚሸከመው ልጅ ማንበብ ይችላል ወይ?

የጎረቤቴ ልጅ 7ኛ ክፍል ነው። እናቱ «እህቴ፣ እስቲ አንቺ እይልኝ» ብላ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ደብተሩን አምጥታ ሰጠችኝ። ልጁ ኮምፒውተር ሥሏል። ስክሪኑ በማስመሪያ የተሰመረ ነው፤ ኪቦርዱ ላይ ቁልፎቹ አንድ በአንድ በትናንሽ አራት ማዕዘን ተደርድረዋል፤ ማውሱ ከነሽቦው ጎን ተቀምጧል። ከእያንዳንዱ ቀስት ወጥቶ ስሙ ተጽፏል። ከሥዕሉ በላይ ገጹን የሞላ ማስታወሻ አለ። የእጅ ጽሑፉ እንዴት እንደሚያምር! «ኮምፒውተር ነክተህ ታውቃለህ?» አልኩት። «አላውቅም፤ ፈተና ላይ ግን ይመጣል» አለኝ። እሺ፣ ከላይ የጻፍከውን አንብብልኝ አልኩት። የመጀመሪያውን ቃል በስንት ጣር አወጣው። ሁለተኛው ላይ ቆመ። «ምን ይላል?» ስለው «ቲቸር ሰሌዳ ላይ የጻፈው ነው» አለ። ሥዕሉን እንደሣለ ሁሉ ፊደሉንም ሥሎታል፤ ቅርጹን አይቶ ቅርጹን አስቀምጧል። በገዛ እጁ በጻፈው ገጽ ፊት እንግዳ ሆኖ ቆመ።

ልጁ ሰነፍ ቢሆን አይገርመኝም ነበር። ሰነፍ አይደለም። ያን ሁሉ ገጽ ሲገለብጥ እጁ ዝሏል። ሰነፍ ልጅ እንዲህ አይጽፍም። የለፋውም የታዘዘው ነው፤ «ጻፉ» ተባለ፣ ጻፈ። ክፍለ ጊዜው አልቆ ደወል እስኪደወል ሰሌዳው ይሞላል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይሞላል። መጽሐፍ በሌለበት ክፍል ሌላ ምን ይደረጋል? መምህሩ እጅ ያለችው አንዲት መጽሐፍ ሰሌዳው ላይ ትገለበጣለች፣ ከሰሌዳው ወደ ደብተር ትገለበጣለች፣ ደብተሩ ለፈተና ይሸመደዳል፣ ከፈተና በኋላ ይጣላል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

ወደ ታች፣ ወደ 2ኛና 3ኛ ክፍል ስንወርድ የነገሩ ሥር ይታያል። የፊደል ገበታው ፊት ልጁን አቁሙትና ከ«ሀ» ጀምሮ በል በሉት፤ በዜማ እየጎተተ እስከ መጨረሻው ይወስደዋል፤ ሰምታችሁ «ጎበዝ!» ትላላችሁ። ቀጥሎ ጣታችሁን መሐል ላይ «ጎ» ላይ አድርጉና «ይህ ማን ነው?» በሉት። ልጁ ጣታችሁን አያይም። ወደ መስመሩ መጀመሪያ ይመለስና «ገ፣ ጉ፣ ጊ፣ ጋ፣ ጌ፣ ግ» እያለ ቆጥሮ «ጎ» ላይ ይደርሳል። የሚያውቀው ዜማውን ነው። ፊደሉን ለብቻው መንገድ ላይ ቢያገኘው አይለየውም። «ጎጆ» የሚለውን ቃል እንዲህ እየቆጠረ እስኪደርስበት አረፍተ ነገሩ ከልቡ ጠፍቷል።

የሚያበሳጨው ይህ ችግር ድሮ የታወቀ፣ መድኃኒቱም ድሮ የተገኘ መሆኑ ነው። የቄስ ትምህርት ቤት የኔታዎች ልጅ «ሀ ሁ»ን በዜማ እንደሚሸመድድ ያውቁ ስለነበር አቡጊዳን አስከትለው ያስቆጥሩት ነበር። «አ ቡ ጊ ዳ» እያለ ፊደሉ ረድፉንና ቤቱን ስለሚያዘበራርቅበት ዜማው አያድነውም፤ እያንዳንዱን ፊደል በመልኩ ማወቅ ግዴታው ነው። ከዚያ በኋላ ነው መልእክተ ዮሐንስን፣ ቀጥሎም ዳዊትን የሚይዘው። ፊደል ያልለየ ልጅ ወደ ንባብ አይሻገርም፤ ንባብ ያልጠራለት ዳዊት አይደግምም። የዚያን ቤት ዱላና ረሃብ መልሱልን የሚል የለም። ሕጉ ግን ትክክል ነበር፤ አንዱን ሳይችል ወደ ሌላው አይለፍ። ዛሬ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ልጅ አይውደቅ በሚለው አሠራር ልጆቹ ቢያነቡም ባያነቡም ያልፋሉ። አሠራሩ ሲታሰብ መምህሩ በተከታታይ ምዘና እያየ የደከመውን ልጅ ለብቻው እየደገፈ እንዲያሳልፈው ነበር። ድጋፉ ቀረና ማለፉ ብቻ ተረፈ።

የእኛ ከተማ ልጆች ደግሞ ሌላ ሸክም አለባቸው፤ ይህንም የማያውቅ የለም። መጋቢት 2012 ላይ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘጋ። ልጆቹ እንመለሳለን ሲሉ ጥቅምት 2013 ላይ ጦርነቱ መጣ። ነሐሴ 20 ቀን 2014 በከተማችን አንድ መዋዕለ ሕፃናት በአየር ድብደባ ተመትቶ ሕፃናት ሞተዋል። ጥቅምት 23 ቀን 2015 የፕሪቶሪያው ስምምነት ተፈረመ፤ ልጆቻችን ተሰብስበው ወደ ክፍል የተመለሱት ግን ከወራት በኋላ ነው። ዩኒሴፍ በጊዜው ከትምህርት የራቁትን የትግራይ ልጆች ከ2 ሚሊዮን በላይ ብሎ ነበር የቆጠራቸው። በ2013 ሰባት ዓመት ሞልቷት 1ኛ ክፍል ልትገባ የነበረች ልጅ በር ላይ ቆማ ቀረች። ክፍል ገብታ ፊደል ስትጀምር ዕድሜዋ ወደ አሥር ተጠግቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ምን ተደረገ? ሩጫ። ያመለጠው ጊዜ ይካካስ ተባለ፣ የትምህርት ዘመኑ ተጨመቀ፣ ልጁ ክፍል መቁጠር ጀመረ። ክፍል ይቆጠራል፤ ፊደል ግን ክፍል ስለተቆጠረ ብቻ አይገባም። 2ኛ ክፍል እያለ ያቋረጠ ልጅ ሲመለስ የሚያውቃትንም ረስቶ ነበር፤ እሱን ይዘን 4ኛና 5ኛ ክፍል አደረስነው። ከእሱ ጎን የተቀመጠው በዕድሜ ሦስት ዓመት የሚያንሰው ነው። ትልቁ ልጅ በትንንሾቹ ፊት ማንበብ ያፍራል። ስለሚያፍር እጁን አያወጣም፤ እጁን ስለማያወጣ መምህሩ አያየውም። ከኋላ ወንበር ይቀመጥና ይገለብጣል። እናቱ ትልቅ ስለሆነ «ሥራ ይልመድ» ትላለች። እንዲህ እያለ ከትምህርት ይወጣል።

እንግሊዝኛውን እናንሳ። ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ይሰጣል። በእናት ቋንቋው አንዲት ገጽ ማንበብ ያልቻለ ልጅ ሌላ ፊደል፣ ሌላ ድምፅ፣ ሌላ ሕግ ይጫንበታል። በትግራይ ትምህርት እስከ 8ኛ ክፍል በትግርኛ ነው፤ 9ኛ ክፍል ሲገባ ባዮሎጂውም ፊዚክሱም ታሪኩም በአንድ ጊዜ ወደ እንግሊዝኛ ይገለበጣል። በክረምት ሁለት ወር ውስጥ ልጁ ሌላ ሰው ሆኖ እንዲመጣ ይጠበቃል። ይህን የፈሩ፣ አቅም ያላቸው ወላጆች ልጃቸውን ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምረው በእንግሊዝኛ ወደሚያስተምር የግል ትምህርት ቤት ይወስዳሉ። እዚያም ሌላ ጉድ አለ፤ ልጁ የቀለማትን ስም በእንግሊዝኛ ያንበለብላል፣ ለአያቱ ግን በትግርኛ ደብዳቤ ጻፍ ቢሉት ሦስት መስመር አይሞላም። የመንግሥት ትምህርት ቤቱ ልጅ እንግሊዝኛ ላይ፣ የግሉ ትግርኛ ላይ ይሰናከላል፤ ሁለቱም መጽሐፍ ከፍቶ መረዳት ላይ ይገናኛሉ።

አካባቢ ሳይንስ ተብሎ የሚሰጠው ትምህርት አካባቢን ሳያይ ያልቃል። ልጁ የአፈር ዓይነቶችን ስም ሸምድዶ ይመጣል፤ ትምህርት ቤቱ ግቢ ያለውን አፈር በእጁ ዘግኖ አላየም። እርከን ለምን እንደሚሠራ በማስታወሻ ይጽፋል፤ ከከተማችን ትንሽ ወጣ ሲሉ ተራራው በሙሉ አያቶቹ በእጃቸው ድንጋይ ደርድረው የሠሩት እርከን ነው። ትግራይ በአፈርና ውሃ ጥበቃ ስሟ በዓለም የሚጠራ ሆና ሳለ የእኛ ልጅ ይህን ከሰሌዳ ይገለብጣል። ይህን ለማስተማር ቤተ ሙከራ አያስፈልግም፣ በጀት አያስፈልግም፤ ልጆቹን ይዞ መውጣት ብቻ ነበር። ለመውጣት ግን ጊዜ የለም፤ ምዕራፉ ማለቅ አለበት።

በክወናና የእይታ ጥበባት ልጁ የመሠረታዊ ቀለማትን ዝርዝር በሰማያዊ እስክሪብቶ ይጽፋል። ቀለም የለም። ዘፈን አይዘፈንም፣ ከበሮ አይመታም፤ የሙዚቃ መሣሪያ ዓይነቶች ይጻፋሉ። ሰውነት ማጎልመሻም ማስታወሻ አለው፤ የመረብ ኳስ ሜዳ ርዝመትና ስፋት ይሸመደዳል፣ ሜዳው ላይ ኳስ የለም። የሙያና ቴክኒክ ትምህርት ደግሞ ያለ መሣሪያ፣ ያለ እንጨት፣ ያለ መርፌና ክር ይሰጣል። ግብረ ገብን ራሱ ልጆቹ «መልካም ሥነ ምግባር ማለት» ብለው ትርጉሙን ጽፈው ይፈተኑበታል። ሁሉም ትምህርት አንድ ትምህርት ሆኗል፤ እሱም መገልበጥ ነው።

ስለ መጽሐፉም የማይነሳበት ቀን የለም። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 መስከረም በአገሪቱ ሲጀመር እኛ ጦርነት ውስጥ ነበርን። ከዚያ በኋላ ነባሩና አዲሱ ሲቀላቀል፣ ሲተካካ፣ ግራ የገባው ወላጅ ነው። ድሮ የታላቅ ልጅ መጽሐፍ ለታናሹ ይደርስ ነበር፤ በጋዜጣ ሸፍነን እናስቀምጥለት ነበር። ታላቁ 7ኛ ክፍል ላይ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂን ለየብቻ ከተማረ ታናሹ አጠቃላይ ሳይንስ ሊማር ነው፤ የታላቁ መጽሐፍ ለምን ይሆነዋል? ከዚያ «በቴሌግራም ተልኳል» ይባላል። ስልክ ያለው ያወርዳል፣ ገንዘብ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዶ ያሳትማል፣ የሌለው የጎረቤት ደብተር ተውሶ እንደገና ይገለብጣል። የእናት ስልክ ይዞ የሚያጠና ልጅ እናቱ ገበያ ስትሄድ ትምህርቱም አብሯት ይሄዳል።

የፈተናው ነገር የባሰ ነው። ከታች ጀምሮ ምርጫ፣ እውነት ሐሰት፣ ማዛመድ። ልጁ ዓመቱን ሙሉ ፊደል ሲያከብብ ይከርማል፤ አንዲት አረፍተ ነገር ከራሱ አውጥቶ ጻፍ የሚለው የለም። ከአራት ምርጫ አንዱን በግምት ቢነካ ሩብ የሚሆነውን ያገኘዋል፤ ከጎኑ ካለው ልጅ ቢያይ ይጨምርለታል። በካርዱ ላይ 60 ይጻፍለታል። ያ 60 ምን ያውቃል ማለት ነው? ወላጅ ሲሰበሰብ የሚጠየቀው «ስንተኛ ወጣ?» ነው። አሥረኛ የወጣም ያልወጣም ሁለቱም ማንበብ ባይችሉ ደረጃው ለማን ይጠቅማል? የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና ሲቃረብ ደግሞ ድንጋጤ ይገባንና ለማጠናከሪያ ትምህርት እንከፍላለን። አስጠኚው መጥቶ የድሮ ፈተናዎችን ምርጫ ያሠራዋል። በ2ኛ ክፍል ያልተከፈለው ዕዳ በ8ኛ ክፍል ከነወለዱ ይመጣል፤ የሚከፍለውም ወላጅ ነው።

ይህ የመቀሌ ብቻ ችግር ቢሆን ጦርነቱን ረግመን እንተወው ነበር። ግን አይደለም። ጦርነቱ ከመምጣቱ አሥር ዓመት በፊት፣ በ2002 ዓ.ም. በአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት ድጋፍ ትግራይን ጨምሮ በስምንት ክልሎች የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ልጆች ንባብ ተፈትኖ ነበር። ከ2ኛ ክፍል ልጆች ሲሶው ያህል ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። የዓለም ባንክም በኋላ ባወጣው ግምት በኢትዮጵያ አሥር ዓመት ከሆናቸው ከአሥር ልጆች ዘጠኙ ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም አለ። እንዲህ ሳያነቡ ያለፉ ልጆች አድገው 12ኛ ክፍል ደረሱ። በ2014 ፈተና እኛ በሌለንበት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ። አገሩ ሁሉ ጮኸ። ኩረጃ ነው ተባለ፣ ሥነ ምግባር ነው ተባለ፣ የ12ኛ ክፍል መምህራን ተወቀሱ። እኔ የምለው፣ 2ኛ ክፍል የወደቀን ልጅ 12ኛ ክፍል ሲወድቅ አይቶ መደንገጥ ምን ይሉታል? አሥር ዓመት ሙሉ ወድቆ ነበር፤ ያላየነው ካርዱ ላይ «ተዛውሯል» ስለሚል ነው።

በመምህራኑ ላይ ጣቴን አልቀስርም። የ17 ወር ውዝፍ ደመወዛቸውን ሲጠይቁ የኖሩ ሰዎች ናቸው። በጦርነቱ ትግራይ ተከብባ ሳለ ዕቃቸውን ሸጠው፣ የቀን ሥራ ሠርተው ልጆቻቸውን አብልተዋል። ሲመለሱ ያገኙት የተዘረፈ ቢሮ፣ የተሰበረ ወንበር፣ የተጨናነቀ ክፍል ነው። በታችኞቹ ክፍሎች አንድ መምህር ከጠዋት ጀምሮ ሁሉንም ትምህርት ያስተምራል፤ ትግርኛውንም፣ ሒሳቡንም፣ ሥዕሉንም። እንግሊዝኛውን ራሱ ያልተማረ ሰው አስተምር ሲባል ያስተምራል። እያንዳንዱን ልጅ አጠገቡ ጠርቶ ሁለት ሁለት መስመር ያስነብብ ብንል፣ ባለው የልጅ ብዛት ሳምንቱ አይበቃውም። ይህን ሁሉ እያወቅን መምህሩን ብቻ መውቀስ ግፍ ነው።

በጦርነቱ የተፈናቀሉ ወገኖቻችንም ለክፍሉ መጨናነቅ ተጠያቂ አይደሉም። ከቤታቸው ተነቅለው መቀሌ ሲደርሱ ያስጠለላቸው ትምህርት ቤት ነው፤ ሌላ ምን ጣሪያ ነበረን? ጥቁር ሰሌዳ ያለበት ክፍል ውስጥ ምድጃ ጥደው፣ ልጅ ወልደው ዓመታት አሳለፉ። ቤታችሁ ትመለሳላችሁ ሲባሉ ሰምተናል፤ ዛሬም የልጆቻቸው ትምህርት ቤት የት እንደሆነ በቅጡ የሚነግራቸው የለም። የእነሱ ልጆች ሰሌዳ ያለበት ክፍል ውስጥ እየተኙ ሳይማሩ ማደጋቸው ከኔ ልጅ ደብተር በላይ ያሳምመኛል። ወደ ቀያቸው መመለስ አለባቸው፤ እስኪመለሱም ልጆቻቸው መማር አለባቸው። የመመለሳቸው የፖለቲካ ክርክር ሲራዘም የሚራዘመው የልጅ ዕድሜ ነው፤ የልጅ ዕድሜ ደግሞ አይጠብቅም።

ስብሰባ ስንጠራ ይህን እንላለን። «ተይዟል» ይባላል። በጀት የለም ይባላል፣ መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ነው ይባላል፣ ሥልጠና ይሰጣል ይባላል። አዲስ ሥርዓተ ትምህርት፣ አዲስ ምዘና፣ አዲስ ፍኖተ ካርታ እየተባለ የሚመጣው ሁሉ ከላይ የሚጨምር ነው፤ አንድ ትምህርት እንኳ ቀንሶ «ይህን ጊዜ ለንባብ ስጡት» ሲል አልሰማንም። 1ኛ፣ 2ኛና 3ኛ ክፍል ላይ ንባብና ሒሳብ ብቻ የዘንድሮ ሥራችን ነው ቢባል ምን ይጎድላል? የመረብ ኳስ ሜዳ ስፋት ይቆይ። የኮምፒውተሩ ሥዕል ይቆይ። ማንበብ የቻለ ልጅ እነዚህን በኋላ በራሱ ያገኛቸዋል፤ ያልቻለው ግን ሁሉም ቢቀርብለት አንዱንም አይወስድም። ከፍ ላሉት፣ ሳያነቡ 5ኛና 6ኛ ለደረሱት ደግሞ ከትንንሾቹ ፊት ሳያፍሩ ፊደል የሚለዩበት ሰዓት ለብቻው ይሰጣቸው፤ ጥፋቱ የእነሱ አይደለምና።

ስለ አዲስ ሕንፃ፣ ስለ ታብሌት እያወራሁ አይደለም። ለየልጁ አንድ የትግርኛ ማንበቢያ መጽሐፍ በእጁ ይያዝ፤ ቤት ይውሰደው፣ ይቅደደውም። በየወሩ አንድ ጊዜ ልጁ ብቻውን፣ ያልሸመደደውን ገጽ ያንብብ፤ ያነበበውንም በአፉ ይናገር። በዓመቱ መጨረሻ ካርድ ስትሰጡን ደግሞ ደረጃውን ተዉት። ካርዱ ላይ አንድ መስመር ጨምሩልን፤ «ልጁ ማንበብ ይችላል» ወይም «ልጁ ማንበብ አይችልም» ብላችሁ ጻፉ። እውነቱን ጽፋችሁ ስጡን፤ ያንን ይዘን እናንተም እኛም የምንጠያየቅበት ነገር ይኖረናል።